የትንሽ የጌም ስቱዲዮ ታሪክ እንዴት ይጻፋል? ከደረሰኝ ካርቶን ተነሥቶ

የኮምፒውተር ጌም ተጫውቼ አላውቅም። ከጨዋታ የማውቀው በልጅነቴ ደጃችን ላይ ጉድጓድ ቆፍረን በጠጠር የተጫወትነውን ገበጣ ነው። 31 ዓመት ያሳለፍኩት በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲሆን አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይሁን እንጂ የእህቴ ልጅ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ገርጂ ውስጥ የከፈታትን የጌም ስቱዲዮ ታሪክ ባለፈው ክረምት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻ ነው። ቅጹ ላይ «የድርጅቱ ታሪክ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። ልጆቹ ጽፈው ያሳዩኝ ወረቀት «ከልጅነታችን ጀምሮ ለጌም ልዩ ፍቅር ነበረን» ብሎ ይጀምርና በሕልም፣ በራእይና በጽናት ሁለቱን ገጽ ይሞላል። ቀን የለውም። ገንዘብ የለውም። አራቱ ሰዎች በየትኛው ቤት፣ በየትኛው ወንበር ተቀምጠው እንደ ሠሩ አይናገርም። «ይህ ታሪክ አይደለም፤ የሠርግ ንግግር ነው» አልኳቸው። እነርሱም እንደ ዘመኑ ልጆች ሳይከፉ «እንግዲያው እርስዎ ይጻፉልን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ቡድኖች በእነርሱ በኩል መጥተው ስለ ጠየቁኝ አሠራሬን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ማንንም ከመጠየቃችሁ በፊት ካርቶን አዘጋጁ። ሰው ያስታወሰውን ይነግራችኋል፤ ወረቀት ግን የሆነውን ይዞ ይቆያል። የቤት ኪራይ ውል፣ የኮምፒውተር መግዣ ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የኢንተርኔትና የመብራት ክፍያ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሥዕል የተሣለበት ደብተር፣ ለትርኢት የታተመ ባነር ሁሉ ወደ ካርቶኑ ይግባ። ልጆቹ «ምንም ወረቀት የለንም» ብለውኝ ነበር። ከመሳቢያና ከቦርሳ ኪስ ሲለቀም ግን 140 ቁራጭ ሆነ። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ደግሞ ወረቀት ያልሆነው ነው። የቴሌግራም ቡድናቸው ምልልስ በሙሉ በኮምፒውተር በኩል በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ አውርዱትና አንብቡት። የመጀመሪያው መልእክት «ስሙን ማን እንበለው?» የሚል ነበር፤ ቀኑና ሰዓቱ ከነላኪው ተመዝግቧል። ከዚህ የተሻለ የልደት ምስክር ወረቀት አይገኝም።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩን አስተካክሉ። ለእኛ አገር ሰው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ውሉና ደረሰኙ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፋይሉና ቴሌግራሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው ዝም ብሎ 8 ይቀንሳል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ለምሳሌ ሃዲስ የተባለው ዝነኛ ጌም ተጠናቆ የወጣው በአውሮፓውያን መስከረም 17 ቀን 2020 ነው፤ በእኛ መስከረም 7 ቀን 2013 ማለት ነው። 8 የቀነሰ ሰው 2012 ብሎ ጽፎ ጌሙን ዓመት ሙሉ አስቀድሞ ያወጣዋል። ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱ፤ በሌላው የተጻፈውን በቅንፍ ያዙ።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። የልጆቹን ፋይሎች ስመለከት አብዛኞቹ በ2፡40፣ በ3፡15 የተቀመጡ ናቸው። ማልደው ሥራ የሚገቡ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የኮምፒውተሩ 2፡40 በእኛ ከሌሊቱ 8፡40 ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሲቀዳ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን ወደተቀዳበት ቀን ይለወጣል። «ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያልና የምታምኑት እርሱን ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ፤ ወደ ገንዘቡ። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እያንዳንዱን ወር በመስመር አስቀምጡ። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ ወሩ፣ የገባው፣ የወጣው፣ ከማን። የጌም ስቱዲዮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሸጠው ነገር የለውም፤ ስለዚህ «ከጌም ሽያጭ የገባ» የሚለው ለረጅም ጊዜ ዜሮ ይሆናል። የእኛዎቹ 14 ወር ዜሮ ነበሩ። ዜሮ ባለበት ወር ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚያ ወር ማን አበላችሁ? ከዚህ ጥያቄ በፊት የሰማሁት ሁሉ ጭውውት ነበር፤ ታሪኩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የሌሎች ስቱዲዮዎችን ታሪክ ማንበቤ ነው። የራሳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የሦስት የአራቱን አንብቡ፤ ግን እንደ አድናቂ ሳይሆን እንደ ኦዲተር አንብቡ። (ከዚህ በታች የውጭ አገሮቹን ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን በአራት ዓመት ተኩል ሠርቶ በ2016 አወጣው። ሁሉም «ብቻውን» በሚለው ቃል ይደነቃል። እኔ ያስተዋልኩት ግን በእነዚያ ዓመታት ሲያትል ከተማ ውስጥ በአንድ ቲያትር ቤት ተመልካች እያስተናገደ ይሠራ እንደ ነበርና የፍቅር ጓደኛው ገቢ ቤቱን ይደግፍ እንደ ነበር ነው። ኮዱን ብቻውን ጽፎ ይሆናል፤ ኪራዩን ግን ብቻውን አልከፈለም።

ያውንዴ፣ ካሜሩን ውስጥ ኪሮኦ ጌምስ የሚባል ስቱዲዮ አለ። መሥራቹ ጊዮም ኦሊቪዬ ማዲባ ኦሪዮን የተባለውን ጌም ሐሳብ የጀመረው በ2003፣ ተማሪ ሳለ ነው። ስቱዲዮው በ2013 ተከፈተ፤ ጌሙ የወጣው ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ለግለሰቦች አክሲዮን ሸጡ፤ በ2015 ደግሞ ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ መድረክ ከ40,000 ዩሮ በላይ ሰበሰቡ። ኪክስታርተር እንደ እቁብ ይመስላል፤ ልዩነቱ ዕጣው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው መውጣቱ ነው። አውስትራሊያ፣ አደላይድ ውስጥ ያሉት የቲም ቼሪ ልጆችም በ2014 መጨረሻ በዚያው መንገድ 35,000 የአውስትራሊያ ዶላር ጠይቀው 57,000 ገደማ አገኙ፤ ሆሎው ናይት የተባለው ጌማቸው በየካቲት 2017 ወጣ። 57,000ውን ለወራቱና ለሰዎቹ አካፍላችሁ ስታዩት እንዴት እንደ ኖሩ ይገባችኋል።

የእኛዎቹን ሠንጠረዥ ስሞላ አንደኛው የሠርግ ቪዲዮ እየቆረጠ፣ ሌላው ማታ ማታ ሒሳብ እያስጠና ይከፍል እንደ ነበር ወጣ። ይህን ራሳቸውም ያውቁታል። ያላሰቡት ሌላ ነበር። የመጀመሪያው ጥሩ ኮምፒውተር የግዢ ደረሰኝ ከየትም አልተገኘም። ሦስት ቀን ፈለግሁት፤ 31 ዓመት የሠራ ሰው ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። በመጨረሻ ከልጆቹ አንዱ አንገቱን ደፍቶ «ዱባይ ያለችው እኅቴ በሰው የላከችልን ነው» አለኝ። የሰው ቤት እየሠራች፣ የስድስት ወር ቁጠባዋን አውጥታ። ጌሙ በሙሉ የተሠራው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው። በሠርግ ንግግሩ ውስጥ ስሟ አልነበረም። አሁን በሁለተኛው አንቀጽ ላይ አለ።

ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ጌሙን ራሱን ክፈቱት፤ መጫወት ካልቻላችሁ እንደ እኔ አስጫውቱና አጠገቡ ተቀመጡ። ለሚታየው ነገር ሁሉ «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» እያላችሁ ጠይቁ። የትንሽ ስቱዲዮ ጌም ከምርጫ ይልቅ በእጦት የተቀረጸ ነው፤ የሚያስደንቀውም እጦቱ መልክ ሆኖ መውጣቱ ነው።

ሃዲስን የሠራው ሱፐርጃያንት ጌምስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አሚር ራኦና ጋቪን ሳይመን በ2009 ሎስ አንጀለስ ካለ ትልቅ የጌም ኩባንያ ሥራ ለቀው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ በሚገኝ መኖሪያ ቤት ሳሎን ተቀመጡ። የመጀመሪያ ጌማቸውን ባስቲየንን ያደረሱት ሰባት ሰዎች ናቸው። ድምፁን የሠራው የራኦ የልጅነት ጓደኛ ዳረን ኮርብ ኒው ዮርክ ነበር፤ ስቱዲዮ ስላልነበረው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀዳ ነበር። ተራኪ ሲፈለግ አብሮት የሚኖረውን ተዋናይ ሎጋን ካኒንግሃምን አስገባው። ተጫዋቹ በተራመደ ቁጥር የሚከተለው ያ ጎርናና ድምፅ፣ ጨዋታውን ሳያቋርጥ ታሪኩን የሚነግረው፣ ጌሙን በሐምሌ 2011 ሲወጣ ከሌሎች ለየው። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው «በድምፅ ጥራቱ የተመሰገነ» ብሎ ቢያልፍ ሰነፍ ነው። ቁም ሣጥኑን መጻፍ አለበት።

የእኛ ልጆች ጌም የታክሲ ረዳት ሒሳብ የሚሰበስብበት ነው። ሙሉ ታሪኩ ክረምት ላይ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ታፍኗል፣ ውጪው አይታይም፤ ከውስጥ የአሥራ ሁለት ሰው ጨዋታና ጭቅጭቅ ይሰማል። በየትርኢቱ ሰው «ድባቡ እንዴት ያምራል» ይላቸዋል፤ እነርሱም «አዎ፣ ሆን ብለን ነው» ይላሉ። ስጠይቃቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከአራቱ አንድም መንገድና ሕንፃ መሣል የሚችል አልነበረም። ሰው ብቻ ነበር የሚሥሉት። ስለዚህ መስኮቱን አፈኑት።

ሌላም አለ። በቴሌግራሙ ምልልስ ውስጥ «መብራት ጠፋ» የሚለውን ፈልጌ ቆጠርኩ፤ በአንድ ዓመት 61 ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ አራት ጊዜ የቀን ሥራቸው ሳይቀመጥ አብሮ ጠፍቷል። ካሜሩኖቹም በዚሁ ችግር የተፈተኑ ናቸው። የእኛዎቹ ከአራተኛው ጊዜ በኋላ ተማርረው ጌሙ በየ30 ሴኮንዱ ራሱን እንዲያስቀምጥ አደረጉት፤ «ተጫዋቹ እንደኛ አይቃጠል» ብሎ አንዱ የጻፈው መልእክት አለ። ያንን መልእክት ከነቀኑ ገልብጬ ታሪኩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሰዎቹን የምታነጋግሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለየብቻቸውም ይሁን። አንድ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ቶሎ የሚናገረው ይናገራል፣ ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ አንድ በአንድ ቤቴ እየጠራሁ ቡና አፈላሁላቸው። «ስቱዲዮው መቼ ተጀመረ?» ብዬ አራት መልስ አገኘሁ። አንዱ ስሙ የወጣ ቀን አለ። ሁለተኛው ከሥራው የለቀቀበትን ቀን፣ ሦስተኛው ውሉ የተፈረመበትን። አራተኛው፣ ዝምተኛው፣ «ረዳቱ መጀመሪያ እጁን የዘረጋ ዕለት» አለኝ፤ ስክሪኑ ላይ ማለቱ ነው። የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ አራቱንም በቅደም ተከተል ጻፏቸው። ለማመልከቻው ቀን ካስፈለገ ግን ፊርማ ያለበትን ያዙ። ሰው እንዲያስታውስ ደግሞ ጥያቄ ከመደርደር ከካርቶኑ አንድ ዕቃ አውጥቶ ፊቱ ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ የተበላሸ ማውዝ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ የሰማሁትን በሁለት ሰዓት ጥያቄ አላገኘሁትም።

ትቶ የሄደውንም አትርሱ። ከአራቱ ሌላ አምስተኛ ልጅ ነበር፤ በስምንተኛው ወር ተጣልተው ወጣ። ስሙን ሳነሣ ሁሉም ወሬ ይቀይራሉ። እኔ የማንም ወገን ስላልሆንኩ ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩለት፤ ሳሪስ ካለ ሱቁ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። የጸቡን ምክንያት አልጠየቅሁትም፤ የሠራውን ብቻ ጠየቅሁት። የታክሲውን ሞተር ድምፅ ከአጎቱ ሚኒባስ ላይ የቀዳው እርሱ ኖሯል። እስከ ዛሬ ጌሙ ውስጥ ያለው ያ ድምፅ ነው፤ በሠሪዎቹ ዝርዝር ላይ ግን ስሙ የለም። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፍላሽ አወጣ። የጌሙ የመጀመሪያ ስሪት፣ እነርሱ ጋር የጠፋው፣ በእርሱ እጅ ነበር።

ይህ የሚደርሰው በእኛ ብቻ አይደለም። ጆርዳን ሜክነር የተባለው አሜሪካዊ በ1989 የወጣውን ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ የሠራበትን ኮድ ለዓመታት ፈልጎ አጥቶት ነበር። በ2012 አባቱ ከቤታቸው ዕቃ መካከል የድሮ ዲስኮች ያሉበት ሣጥን አገኙለት፤ ባለሙያዎችም ከዲስኮቹ ላይ ኮዱን አነበቡት። ሜክነር ጌሙን ሲሠራ በየጊዜው የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ስለ ነበር ዛሬ የዚያ ጌም ታሪክ ከብዙዎቹ በላይ ጥርት ያለ ነው። እናንተም ፍላሽ ስታገኙ እዚያው ሁለት ቦታ ገልብጡት፤ አንዱ ከስቱዲዮው ውጪ ይቀመጥ። ፍላሽ ለዘላለም የሚኖር ዕቃ አይደለም።

የሞቱትን ጌሞችም መዝግቡ። ልጆቹ «አንድ ጌም ነው የሠራነው» ይላሉ፤ ፋይሎቹ ውስጥ ግን ስድስት ጅምር አለ። ጅምር እንደ ኪሳራ ተቆጥሮ ይሰወራል። ቲም ቼሪዎች በ2013 በአጭር ቀን የጌም ውድድር ላይ ረኃብ እንዳይገድለው ተባይ የሚገድል ትንሽ ጦረኛ ያለበት ጌም ሠርተው ነበር፤ የሆሎው ናይት ባለታሪክ ከዚያ የመጣ ነው። ለመዋጮ ሰጪዎቻቸው ቃል የገቡት ተጨማሪ ክፍል ደግሞ አድጎ አድጎ ራሱን የቻለ ጌም ሆነና በመስከረም 2025 ወጣ። ስለዚህ እያንዳንዱን ጅምር በአንድ መስመር ጻፉ፦ መቼ ተጀመረ፣ መቼ ቆመ፣ ከእርሱ ምን ተወሰደ። ከእኛዎቹ ስድስት አንዱ የእረኛ ጌም ነበር፤ በጎቹ የሚሄዱበት ኮድ ዛሬ ተሳፋሪዎቹን ታክሲ ውስጥ ያስገባል። ስቱዲዮው ተዘግቶ ከሆነም የተዘጋበትን ቀን ጻፉ፤ አያሳፍርም። ኔዘርላንድ፣ ዩትሬክት ውስጥ የነበረው የሁለት ሰው ስቱዲዮ ቭላምቢር በ2020 አሥረኛ ልደቱን ባከበረበት ዕለት መዘጋቱን አስታወቀ።

ስትጽፉ ከቀን፣ ከቤትና ከሰው ቁጥር ጀምሩ። የእኛው እንዲህ ይነሣል፦ «የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. አምስት ሰዎች ገርጂ ውስጥ በወር 4,500 ብር አንድ ክፍል ተከራዩ። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ነበር።» ሕልም የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አላስገባሁም። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» የሚለውንም ሰርዤዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ በዚህ ተከፍቶ ነበር። «ማስረጃ አምጣ» አልኩት፤ አላመጣም። ያለ ሰነድ የተጻፈ «የመጀመሪያው» አንድ አንጋፋ ሰው ተነሥቶ «እኔ ከእናንተ በፊት ሠርቻለሁ» እስኪል ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። በመጨረሻ ጽሑፉን ስሙ ለተነሣ ሰው ሁሉ አስነብቡ፤ አምስተኛውን ጨምሮ። የቀን ስሕተት ካለ አርሙ፤ «ይህ ያሳፍረናል፣ ይውጣ» የሚለውን ግን መዝኑት። ዱባይ ያለችውን ልጅ በስልክ አነበብኩላት። አንድ ቦታ ብቻ አረመችኝ፤ የቆጠበችው የስድስት ወር ሳይሆን የስምንት ወር ነው።

ልጆቹም አንድ መስመር ይውጣ ብለው ተከራክረውኛል። በሠንጠረዡ ላይ በሰኔ 2012 ዓ.ም. «ለኪራይ የተበደሩት 18,000 ብር» የሚል አለ። «አክስቴ፣ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ አይደል? ለቅጹ ምን ይሠራል?» አለኝ የእህቴ ልጅ። ማመልከቻው ተልኳል፤ መስመሩ ባለበት ነው፤ «ከማን» በሚለው ዓምድ የእኔ ስም ተጽፏል፤ «የተመለሰበት ቀን» የሚል አምስተኛ ዓምድ ጨምሬ ክፍቱን ትቼዋለሁ።